ወደ ቁንዝላ የተሸከምኋቸው የሸክላ ሳህኖች

ልጆቹ ንገሪን አሉኝ። የልጅ ልጆቼ ናቸው። «እምዬ፣ የመተማውን፣ የላሊበላውን፣ የደብረ ታቦሩን መንገድ ሁሉ ታወሪልናለሽ፤ ቁንዝላ ላይ ስትደርሽ ግን ውኃ ቅዱ፣ ዶሮ አስገቡ ብለሽ ትበትኝናለሽ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ሸክላ ሠሪ ነኝ፤ እንስራና ድስት አዝዬ ከገበያ ገበያ ስዞር ነው ያረጀሁት፤ መሸከሙ ሲቀርልኝም መዞሩን አልተውሁትም። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ ታቅፌ፣ ዛፍ ሥር ነው። ስለዚህ እንደማወራው ጻፍሁት። ሐይቁን ተሻግረው ለማያዩት ሰዎች ይሁን።

ዘመኑ መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ የሚዘጋበት ነበር። ማስተዋል የመጀመሪያ ልጄ ልጅ ናት፤ ባሕር ዳር ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። አንድ ቀን ደወለችልኝና ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ፣ ሸክላ ሳይሰበር እንዴት አድርገሽ ነው የምትወስጂው ብላ ጠየቀችኝ። የምን ሸክላ አልኋት። የራሴ ሸክላ አለችኝ። እንዲህ ነው ነገሩ፤ መብራት የሚያወጣ ማሽን ሠርተዋል፤ የማሽኑ ሆድ የስኒ ማስቀመጫ የሚያካክሉ ስስ የሸክላ ሳህኖች ናቸው። ማሽኑን ቁንዝላ አጠገብ ያለ ጤና ጣቢያ ሊተክሉት ነው፤ እዚያ ጄኔሬተር ቢኖርም መንገድ በተዘጋ ቁጥር ናፍጣ የለም። ሳህኖቹን ሁለት ጊዜ በመኪና ወሰዷቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ስንጥቅጥቃቸው ወጥቶ ደረሱ። አብረውኝ የሚሠሩት ወንዶች ስፖንጅ ላይ አስተኝተው ነው የሚወስዷቸው አለችኝ።

«ሸክላ ተኝቶ አይሄድም፤ ቆሞ ነው የሚሄደው» አልኋት።

ነይልኝ አለችኝ። ይህ ሦስተኛው ነው፣ ካልበራ ሥራው ይዘጋል ብለዋታል። አምስት ዓመት የለፋችበት ነገር ነው።

ሰኞ ጠዋት ከማክሰኝት ተነሣሁ። አፋቸው ሰፊ የሆነ ሁለት ድስቶቼን አፍ ለአፍ ገጥሜ በጠፍር አሰርሁ፤ አንድ ማዳበሪያ የጤፍ ጭድ ያዝሁ፤ ማስተዋል ድስቶቹን በኋላ እንድታበስልባቸው ለማሟሻ የሚሆን የጎመን ዘር በጨርቅ ቋጠርሁ። አዲስ ሸክላ ትኩስ እንዳለ በተወቀጠ የጎመን ዘር ታሽቶ ካልተሟሸ የሚጨመርበትን ሁሉ ይጠጣዋል፤ ወጥ ያስጠላል፤ ይሰነጠቃልም። ሾፌሩ ጓዜን አይቶ ባሕር ዳር ድስት የለም ወይ እማማ አለኝ። ድስት ሞልቷል፣ አያያዝ የሚያውቅ ነው የጠፋ አልሁት። የተሳፈረው ሳቀ። ከእንፍራንዝ በኋላ የሳቀ የለም። አዲስ ዘመን ላይ መኪኖች ተገትረው አየን፤ ወረታ ስንደርስ ወደፊት መሄጃ የለም ተብሎ ሁላችንም ወረድን።

ወረታ ሜዳ ናት፤ መዳፍ ናት። የእኛ አገር ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ተራራ ሲያጣ ይጨንቀዋል። ድስቶቼን ታቅፌ አንድ የሩዝ መጋዘን ጥላ ሥር ተቀመጥሁ። የመጋዘኑ ባለቤት ዘሀራ የምትባል ነጋዴ ናት። ወንበር አወጣችልኝ፤ ቀጥላ ውኃ አመጣችልኝ፤ ሲመሽ ደግሞ ጓዜን ራሷ አንሥታ ወደ ቤት አስገባችው። ሆቴል እገባለሁ አትበይ እማማ፣ ሆቴሉ ሁሉ ሞልቷል አለችኝ፤ እኔ ሆቴል ለመግባት አስቤም አላውቅም።

ሥጋ በየሃይማኖቱ ነውና ለእኔ ሽሮ ሠራችልኝ። ድስቱን ከክርስቲያን ጎረቤቷ ተውሳ ነው የሠራችበት፤ እንዳልጠራጠር። እንጀራው ሩዝ የተደባለቀበት ነው፤ ነጭ፣ ለስላሳ፤ ከእኛ ጤፍ ጋር ሲነጻጸር አፍ ውስጥ ቶሎ ያልቃል። የራሷን አልጋ ለቀቀችልኝ። ባሏ እቃ ሊያመጣ ከወጣ አራት ቀኑ ነው፤ ስልኩ አይሠራም። ስታወራኝ ትስቃለች፤ ዓይኗ ግን በር በሩን ነው የሚያየው።

ማክሰኞም መንገዱ አልተከፈተም። ቁጭ ብለን ሩዝ ስንለቅም ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ፤ ሳላስበው ሸክላ እሠራለሁ አልሁ። እኛ አገር ይህን ስትናገሪ ሰው ልጁን ከፊትሽ ዘወር ያደርጋል። ቡዳ ይሉናል፤ በዓይናችን የምንበላ፤ በተለይ ሕፃን። እኔም ልክ እንደተናገርሁ ተጸጸትሁ። ዘሀራ መልቀሙን አላቆመችም። የእኛ አባቶች ሸማኔ ነበሩ፣ ያልተባሉት የለም፤ ለብሰውት ሲያበቁ ነው የሚሰድቡሽ አለችኝ። ትንሹን ልጇን አንሥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። በዕድሜዬ እንዲያ ያደረገልኝ ሰው ቁጥሩ ትንሽ ነው።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ተከፈተ። ዘሀራ ለመንገድ ዳቦ ቋጠረችልኝ። መንገድ ላይ ሦስት ቦታ አውርደው ፈተሹን። አንዱ ፈታሽ ድስቴን አስፈትቶ እጁን ጭዱ ውስጥ ከተተና፣ ምንም ሲያጣ ይህን ሁሉ ጭድ ምን ልታደርጊው ነው አለኝ። አህያዬ ባሕር ዳር ናት አልሁት። አሳለፈኝ።

ባሕር ዳር በእኔ ትዝታ ሰው መሽቶም በዘንባባው ሥር የሚንሸራሸርባት ከተማ ነበረች። ያን ጊዜ ግን ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሱቁ ሁሉ መዝጊያውን ይስባል። ማስተዋል ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖር። ከስታለች። ቤቷ ውስጥ ያለው ምግብ ፓስታና ሻይ ብቻ ነው። ማክሰኝት ብትሆን ይህን በልታ እንድታድር ማንም አይተዋትም ነበር። ሳቅ ብላ አቀፈችኝ፤ ትከሻዬ ላይ ግን ብዙ ቆየች።

ሐሙስ ላቦራቶሪው ገባሁ። ገና ደጁን ስረግጥ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ይህማ የበረት ሽንት ነው፣ ጠዋት ጠዋት በረት ስትከፍች ዓይን የሚያስለቅሰው አልሁ። ከእሷ ጋር የሚሠራው ኤርሚያስ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ወንበሩን ሊለቅልኝ ብድግ ካለበት ቆሞ ሳቀ። ልክ ነዎት እማማ፣ አሞኒያ ነው፣ በረቱም ውስጥ ያለው እሱ ነው አለኝ። ለማሽኑ እንጨቱ፣ ናፍጣው ያ ነው። በጋን በሚመስል ብረት ታሽጎ ይቀመጣል፤ አንዱ ብረት ቀድሞ በጀልባ ቁንዝላ ደርሷል።

ማስተዋል ሳህኖቹን አሳየችኝ። አንድ ፊታቸው ነጭ፣ አንዱ ጥቁር ነው። በጥቁሩ በኩል ጋዙ፣ በነጩ በኩል አየሩ ይገባል፤ ሸክላው መሀል ላይ ሆኖ እንደ ፍም ሲግል መብራት ይወጣዋል። ነበልባል የለ፣ ጭስ የለ። የአምስት ዓመት ድካሟ ያለው ጥቁሩ ቅብ ላይ ነው፤ ካታሊስት ይሉታል። ምንድን ነው ሥራው ብላት፣ የሚያፋታ ሽማግሌ ነው እምዬ አለችኝ። አሞኒያ ውስጥ ሁለት ነገር ተጋብቶ ይኖራል፤ ሽማግሌው መሀላቸው ገብቶ ያለያያቸዋል፤ አንደኛው መብራት ይሆናል፤ ሌላው ወደ አየር ይሄዳል፤ ሽማግሌው ለራሱ ምንም ሳይወስድ ቀጣዮቹን ይጠብቃል።

«ምንም ሳይወስድ የተመለሰ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም» አልኋት።

ኤርሚያስ እስኪያስለው ሳቀ። ከሰዓት በኋላ አሰናዳን። ሳህኖቹን አንድ በአንድ በጥጥ ጠቅልዬ፣ በድስቶቹ ውስጥ ጠርዝ ለጠርዝ አቆምኋቸው፤ መሀል ለመሀላቸው ጭድ ጠቀጠቅሁ፤ ላላ አድርጌ፣ እንዲተነፍስ። ጠበቅ ያለ ጭድ ራሱ ይሰብራል። ሁለቱም ቆመው እጄን ያዩ ነበር። አንድ ቀን የተማረ ሰው እጄን እንዲያ ያየኛል ብዬ አላሰብሁም።

ዓርብ በማለዳ በሞተር ጀልባ ተነሣን። ዳር ዳሩን እምቦጭ አረንጓዴ አድርጎታል፤ ያላወቀ ሰው ልዝለልበት ይላል። ዘጌን በስተግራ ካለፍን በኋላ ነፋስ ተነሣ። ድስቶቹን በጭኖቼ መሀል አድርጌ አቀፍኋቸው፤ ውኃው ሲረጨኝ ነጠላዬን ለእነሱ አለበስኋቸው። ማስተዋል ጠጋ ብላ ተቀመጠችና ጆሮዬ ላይ ተናገረች። ቁንዝላ ስንደርስ ሸክላ ነጋዴ ናት እላለሁ፣ ሠሪ ናት አልልም፤ ይቅርታ እምዬ፣ የምናድርበት ቤት ነፍሰ ጡር አለች አለችኝ። ይሁን አልሁ። ከልጅ ልጅ አፍ ሲወጣ ግን ይከብዳል። ውኃ ውኃውን እያየሁ ሄድሁ።

ቁንዝላ ከቀትር በኋላ ደረስን። ማረፊያው ላይ መረብ የሚጠግኑ ሰዎች፣ ከዳር የታሰሩ ታንኳዎች፣ ድመቶች። መንገዱ ጉድጓድና ድንጋይ ነው፤ ድስቶቹን በራሴ ተሸክሜ ወጣሁ፤ ኤርሚያስ ልቀበልዎ ብሎ ሁለት ጊዜ ለመነኝ፤ አልሰጠሁትም።

ያሳደሩን ወይዘሮ አንጓች ይባላሉ፤ ልጃቸው ዓሣ አጥማጅ ነው። ምራታቸው ብርቱካን ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው። በዓለ ሃምሳ ነውና ዓርብም ብንሆን አልተቸገርንም፤ አንጓች ዓሣ ጠብሰው አቀረቡልን። እኔ የደጋ ሰው ነኝ፤ እሾሁን አላውቅበትም፤ ጉሮሮዬ ላይ ቆመብኝ። አንጓች እንደ ሕፃን ጀርባዬን መትተው፣ ደረቅ እንጀራ አጉርሰው አወጡልኝ። ከዚያ በኋላ እሾሁን ለቅመው ብቻ ነው የሰጡኝ። ብርቱካን ደግሞ እግሬን ካላጠብሁ ብላ በዚያ ሆዷ አጎንብሳ ልታጥበኝ ስትል ከለከልኋት። እንግዳ እኮ ነሽ አለችኝ።

አሁን ቅዳሜን ልንገራችሁ።

ጠዋት ድስቶቹን ፈታን። አንድም አልተሰበረ፤ ጠርዙ እንኳ አልተጎረደም። ማስተዋል ሁለቱን እጆቼን ሳመች። ከኤርሚያስ ጋር ማሽኑን ሊያሰናዱ ወደ ጤና ጣቢያው ሲሄዱ፣ የጭዱን አቧራ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊልኝ ብላኝ ሄደች። ጠረግሁ። ሲያልቅ አንዱን አንሥቼ ጥቁር ፊቱን በምላሴ ነካሁት፤ ሸክላ ሠሪ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ምላሴን ያዘው። ያልተሟሸ ሸክላ ነው ምላስ የሚይዝ። ወይ የእኔ ልጅ አልሁ በልቤ፤ ይህን ሁሉ ተምረው ይህቺን የሚነግራቸው አጡ፤ የሚሰነጠቅባቸውም ለዚህ ነው።

ልጠይቃት ይገባ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ሸክላ ሲሟሽ አይወራም። ውኃ ይዞ እስኪታይ ድረስ ሠሪዋ አሟሸሁት አትልም፤ የተወራበት ሸክላ እሳት ላይ ይጮኻል ይላሉ እናቶቻችን። ከአንጓች ምድጃ ዳር፣ ትኩሱ አመድ ላይ ሳህኖቹን አሞቅሁ፤ የጎመን ዘሬን ወቀጥሁ፤ ጥቁር ፊታቸውን አንድ በአንድ አሸሁ፤ ወዛቸው እስኪገባ ጠበቅሁና አበስሁ። ብርቱካን አጠገቤ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። የእናቴ ቤት ሸተተኝ አለችኝ። እየጠረግሁ ነው አልኋት። ሁሉንም ጨረስሁ፤ እርካታ ተሰማኝ። ለልጄ የምሰጣት የማውቀው ነገር ይህ ነበር።

ኤርሚያስ መጥቶ ሳህኖቹን ወሰደ፤ ማሽኑ እስኪግል ብዙ ቆየ። ብርቱካንም ቀትር ላይ ምጥ ጀመራት፤ አንጓችና እኔ ደግፈን ወደዚያው ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መብራቱ ቦግ አለ። የክትባት ማቀዝቀዣው ማጉረምረም ጀመረ። ደጅ የቆሙት ሴቶች እልል አሉ። ኤርሚያስ ላቡን እየጠረገ፣ እማማ ማሽናችን አዲስ ምጣድ አዲስ ምጣድ ሸተተ አለኝ። ማስተዋል ቀና ብላ አየችኝ፤ ተመልሳ ወደ ቆጣሪው አጎነበሰች።

ልጅቷ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተወለደች። አላለቀሰችም። ሰውነቷ የሐይቅ ቀለም ነበር። አዋላጇ እጇን ዘርግታ ኦክስጅን የሚሰጠውን መሣሪያ ሰካች፤ ናፍጣ ከጠፋ ጀምሮ አቧራ ለብሶ የተቀመጠ ነው። ሠራ። ቀጭን ቱቦ አፍንጫዋ ላይ አደረገችላት። ቆየች፣ ቆየች፤ ከዚያ ከንፈሯ ቀላ፤ ከዚያ ደረቷ፤ ከዚያ ጣቶቿ። አንጓች ተንበርክከው የማስተዋልን ጉልበት ሳሙ። እኔም በልቤ ይኸው ሸክላው ያዘ አልሁ። ያን ያልሁትን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ብዙ አልቆየም። መብራቱ መጀመሪያ እንደ ደከመው ሰው ዓይን ከደን ከደን አለ። ማስተዋል ጋዙን ጨመረች፤ ቀነሰች፤ ኤርሚያስ ማቀዝቀዣውን ነቀለ፤ አምፖሎቹን ሁሉ አጠፋ፤ ለዚያች መሣሪያ ብቻ ተዉላት። መሣሪያዋ ጮኸች። ከዚያ ዝም አለች።

አዋላጇ በእጅ የሚጨመቅ የአየር ከረጢት አወጣች። ሲደክማት ኤርሚያስ ተቀበለ፤ ሲደክመው ማስተዋል። የአንጓች ልጅ ጀልባ ሊለምን ወደ ማረፊያው ሮጠ፤ ሐይቁ ተቆጥቷል፣ የሚወጣ ባለጀልባ የለም። ቀጥዬ እኔ ተቀበልሁ። እጄ ጭቃ ሲያሽ የኖረ ነው፤ አልደከመም። አዋላጇ እንዳሳየችኝ፣ ቀስ፣ ቀስ፤ ስጨምቅ ደረቷ ከፍ ይላል፣ ስለቅ ይወርዳል። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ፀሐይዋ ገና አልገባችም ነበር፤ አዋላጇ እጇን እጄ ላይ አደረገች።

«ይበቃል እማማ» አለችኝ።

እሑድ ጠዋት ቀበሯት። ክርስትና አልተነሣችምና ቤተ ክርስቲያን ግቢ አትገባም፤ አባቷ ከቤቱ ጓሮ፣ ከጌሾው ሥር ቆፈረላት። ከዚያ መልስ ማስተዋልን ፍለጋ ሄድሁ። ማሽኑ ቀዝቅዞ ከፍታው ነበር። ሳህኖቹን ቀሚሷ ላይ ደርድራ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። አንዱን አፍንጫዋ ሥር ይዛለች።

«እምዬ፣ ስትጠርጊያቸው ሌላ ምን አደረግሽ?»

«አሟሸኋቸው።»

«በምን?»

«በጎመን ዘር።»

ሳህኑን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው፤ እንደ ሕፃን። እኔ ነኝ ወይ አልኋት። ሌላ ሳህን አነሣች። አትሸንግይኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ አልሸነገልም አልኋት። ያን ጊዜ ነገረችኝ፤ ሳትቆጣ፣ ቀስ ብላ፣ መጀመሪያ ስለ ሽማግሌው እንደነገረችኝ። ጥቁሩ ፊት ምላስ የሚይዘው ቀዳዳ ስላለው ነው፤ ጋዙ የሚገባው በዚያ ነው፤ እኔ ደፈንሁት። ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ ጎመን ዘር ውስጥ ድኝ አለ፤ እኛ ለእከክ የምንቀባው ድኝ፤ እሱ ቅቡን አንዴ ከያዘው አይለቀውም።

«ባልነካቸው እስከ መቼ ይሄዱ ነበር?»

«እስከ ጠዋት ይሄዱ ነበር» አለችኝ። ወዲያው ደግሞ፣ «ልጅቷ እስከ ጠዋት ትቆይ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ማንም አያውቅም» አለች።

ልወጣ ስነሣ ቀሚሴን ያዘች። ለማንም አትናገሪ አለችኝ፤ ለአንጓችም፣ ለአዋላጇም፣ ለኤርሚያስም። እኔ ግን ለአንጓች ልነግር ነበር የወጣሁት። ቤታቸው በልቼ፣ እሾህ ለቅመው አጉርሰውኝ እንዴት ዝም እላለሁ።

«ሸክላ ሠሪ ቤት ገባች፣ በማግስቱ ሕፃኗ ሞተች ከተባለ፣ ድኝ የሚለውን ማን ይሰማል?» አለችኝ። «ከዚህ ማረፊያ በሰላም አንሳፈርም። ለእኔ ስትዪ።»

ለእሷ ብዬ ዝም አልሁ። ለራሴም ፈርቻለሁ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ሐይቁ ረግቶ ነበርና ከሰዓት በፊት ተሳፈርን። አንጓች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እስከ ማረፊያው ሸኙን። በኮባ የተጋገረ ዳቦና ሁለት የደረቀ ዓሣ በጨርቅ ቋጥረውልኛል፤ ለእኔ የሚሆነውን እሾሁን አውጥተውለታል፤ በዚያ ጠዋት፣ ከዚያ ጓሮ መልስ። አልቀበልም ስላቸው በግድ ደረቴ ላይ አስቀመጡት። እናንተ ባትመጡ ቀልታ አላያትም ነበር፣ አይቻታለሁ፣ እናቷም አይታታለች አሉኝ። ዳቦውን እስከ ባሕር ዳር ተሸከምሁት። አልበላሁትም፤ ለመጣልም እጄ እንቢ አለኝ። ኤርሚያስ በልቶ ጨረሰው፤ ሲበላም ያለቅስ ነበር።

ማክሰኞ ወደ አገሬ ተመለስሁ። ወረታ ላይ መኪናው ሲቆም ዘሀራን ልሰናበት ወረድሁ። መጋዘኑ ተቆልፏል። ጎረቤቷ ባሏን ፍለጋ ሄደች አለኝ፤ ወዴት እንደሆነ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ በወረታ ሳልፍ ሌላ ሰው ነው የሚሸጥበት። ምን እንደሆኑ አላወቅሁም። ማክሰኝት ስደርስ ተራራዎቹን አየሁ፤ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሸክላ አልሠራሁም። ሰው ሲጠይቀኝ ወገቤን አመመኝ እላለሁ።

ማስተዋል በቀጣዩ መስከረም ላይ ሥራዋን ትታ ማክሰኝት መጣች። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች፤ እናንተም ያስተማረቻችሁ አላችሁ። ምነው ስላት ባሕር ዳር ሰለቸኝ አለችኝ። አመንኋት። እንዲያውም ተቆጥቻታለሁ፤ ያን ሁሉ ተምረሽ፣ በአንድ ክፉ ቀን የሚተው ነገር ነው ወይ ብያታለሁ። ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ ብያታለሁ። አንገቷን ደፍታ ትሰማኛለች።

በሦስተኛው ዓመት ኤርሚያስ ለሰርግ ወደ ጎንደር ሲያልፍ ሊጠይቀን ወረደ። ማስተዋል ትምህርት ቤት ነበረች፤ እኔና እሱ ብቻችንን ተቀመጥን። ማሽኑ አሁንም እንደሚሠራ ነገረኝ፤ ሌሎች ሰዎች ይዘውታል፤ ቅቡ የእሷው ነው። ደስ አለኝና፣ ታዲያ እሷ ምነው ተወችው አልሁት። ደንግጦ አየኝ። የማውቅ መስሎት ነበር። ከቁንዝላ መልስ ምክንያቱ ተጽፎ ይቅረብ ተባሉ። እሱ ምክንያቱ አልታወቀም ብለን እንጻፍ አላት። እንቢ አለች፤ አልታወቀም ከተባለ ቅቡ ነው የከሸፈ ይላሉ፣ ሥራው ይቀበራል አለች። ብቻዋን ጻፈችው። ሥራው ተረፈ፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲያ ላቦራቶሪ እንዳትገባ ተከለከለች። ከዚያ ኤርሚያስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያን ያህል የተማረች ልጅ ምን ነክቷት ነው እንዲያ ያደረገችው እማማ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም ብሎ ጠየቀኝ። ምን አደረገች አልሁት። ወረቀቱን በቃሉ ያውቀዋል። «ሳህኖቹ ማሽኑ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት በጎመን ዘር ተቀብተዋል፤ የቀባኋቸው እኔ ነኝ» ይላል አለኝ፤ ከሥሩ የማስተዋል ስምና ፊርማ አለበት።